ፖይንት ሉክአውት፦ መንፈስ አለበት የተባለው መብራት ቤት፣ ሁለቴ ሄጄ ያየሁት

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ከገባን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ቅዳሜ ሲመጣ "የት እንሂድ?" የሚለው ጥያቄ አያልቅም። ኦሽን ሲቲ ሰለቸን። ሉሬይ ዋሻ ሦስት ጊዜ ገባን። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሊንከን ሐውልት ሥር ፎቶ ተነሣን። በመጨረሻ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ "ማሚ፣ ጎስት ያለበት ላይትሃውስ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ አለ" አለኝ። መንፈስ ያለበት፣ ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ መብራት ቤት ማለቱ ነው።

እኔ መንፈስ የሚባል ነገር ላይ ብዙ የለሁበትም። ባለቤቴማ ጭራሽ። ግን ባሕር አለ፣ ፓርክ አለ፣ ልጁ ደግሞ በራሱ ፈቃድ ከሶፋ ልነሣ ብሏል። እሺ አልነው። የመጀመሪያው ጉዟችን ፍጹም ኪሳራ ነበር። ሁለተኛው ግን እስካሁን ቤት ውስጥ ይወራል። ልዩነቱ የመጣው ከቦታው ሳይሆን ከእኛ ነው፤ ስለዚህ እናንተ የመጀመሪያውን እንድትዘሉት ብዬ ነው የምጽፈው። ዓመተ ምሕረቶቹን በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ቦታው ፖይንት ሉክአውት ይባላል። ሜሪላንድ ውስጥ ራውት 5ን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ስትነዱ፣ ስትነዱ፣ በመጨረሻ መንገዱ ራሱ ያልቅባችኋል። የሚያልቀው ውሃ ላይ ነው። በቀኝ የፖቶማክ ወንዝ፣ በግራ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ። ያ ዲሲ ውስጥ በድልድይ በአንድ ደቂቃ የምንሻገረው ፖቶማክ እዚህ ሲደርስ ወደ 11 ማይል ይሰፋል። ማዶው በደንብ አይታይም። ባለቤቴ "ይሄ ወንዝ ነው?" ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ።

የመጀመሪያው ጉዞ ነሐሴ ላይ ነበር። ስንጀምር ረፍዶ ነበር፤ ያው እንደኛ። ደርሰን የመግቢያ ከፍለን (የሜሪላንድ ታርጋ ላለው ይቀንሳል) ልጆቹ በቀጥታ ወደ ውሃው ሮጡ። አሥር ደቂቃ አልቆዩም፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ እየጮኸች ወጣች። ጄሊፊሽ ነክቷት ነው። ቼሳፒክ በበጋው ሙቀት ጄሊፊሽ ይሞላዋል፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔ ግን አላውቅም ነበር። ክፉ ጉዳት የለውም፣ ያቃጥላል እንጂ። ግን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ማስረዳት ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ትንኙ መጣ። ፓርኩ ግማሹ ረግረግና ኩሬ ነው። ንፋስ ካለ ደህና፣ ንፋሱ ዝም ያለ ዕለት ግን አያድርስ ነው። የትንኝ መከላከያ አልያዝንም። ባለቤቴ ፎጣ ተከናንቦ እንደ መነኩሴ ተቀመጠ።

በዚህ ሁሉ መሀል ወደ መብራት ቤቱ ሄድን። ልጄ በሐሳቡ የሣለው ማማ ነው፤ ረጅም፣ ክብ፣ በውስጡ የሚጠማዘዝ ደረጃ ያለው። ያገኘነው ግን ቤት ነው። የሰው መኖሪያ ቤት። ነጭ፣ ሁለት ፎቅ፣ ቀይ ጣሪያ፣ ከጣሪያው አናት ላይ ብቻ መስታወት የለበሰች ትንሽ የመብራት ክፍል ጉብ ያለችበት። በዚያ ላይ ዝግ ነው። በሽቦ አጥር ተከልሎ ነበር። ልጄ አጥሩን ይዞ "ዚስ ኢዝ ኢት?" አለ። ይኸው ነው አልኩት። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ሊያበቃ ይችል ነበር። ልጄ ግን ተናዶ ማንበብ ጀመረ። እራት ላይ እየተረከልን እኛም ቀስ በቀስ ገባንበት።

መብራት ቤቱ የተሠራው በ1830 ነው። ሠሪው ጆን ዶናሁ የሚባል የሜሪላንድ ሰው ነው፤ በቼሳፒክ ዙሪያ ብዙ መብራት ቤቶችን የሠራ። መጀመሪያ ጠባቂ የሆነው ጄምስ ዴቪስ ሥራውን በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተ። ቦታውን የተረከበችው ሴት ልጁ አን ዴቪስ ናት። አስቡት፣ በዚያ ዘመን፣ በዚያ የዓለም ጫፍ። በየምሽቱ ዘይት ትሞላለች፣ ክር ትከረክማለች፣ ከመስታወቱ ላይ ጥላሸት ትጠርጋለች፣ ሲነጋ ታጠፋለች። ይህን እስከ 1847 ስትሠራ ኖረች። ከእሷ በኋላም ሴቶች ጠብቀውታል፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ባርነት አይቅርብን ያለው ደቡብ ከሰሜኑ ጋር ሲዋጋ፣ መብራቱን ትጠብቅ የነበረችው ፓሚሊያ ኤድዋርድስ የምትባል ሴት ናት።

ቤቱ ሁለት ፎቅ የሆነው በ1883 ነው፤ መጀመሪያ አንድ ፎቅ ተኩል ያህል ነበር። ብርሃኑ እስከ 1966 መጀመሪያ ድረስ ሠራ። ከዚያ ውሃው ላይ ሌላ መብራት ተተክሎ ይኸኛው ጡረታ ወጣ። ለብዙ ዓመታት የባሕር ኃይሉ ንብረት ሆኖ ቆይቶ በ2006 ሜሪላንድ ግዛት ተረከበው።

መንፈሱስ? በ1970ዎቹ የፓርክ ጠባቂ ሆኖ እዚያ ቤት ውስጥ ይኖር የነበረ ሰው ሌሊት የማይታይ ሰው ሲያንኮራፋ ሰማሁ ብሏል። በዐውሎ ነፋስ ቀን ኮፍያ ያደረገና ረጅም ካፖርት የለበሰ ወጣት በመስኮት ሲመለከተው አየሁ፣ በሩን ስከፍት ጠፋ ብሏል። በኋላ ሲያጣራ "ኤክስፕረስ" የምትባል የእንፋሎት መርከብ በጥቅምት 1878 እዚያ አካባቢ በማዕበል ሰጥማ፣ ከሟቾቹ አንዱ መኮንን እንዲያ ያለ መልክ እንደነበረው ደረሰበት ይባላል። ሌላው ወሬ ስለ አን ነው። ረጅም ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስና ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ሴት ደረጃው አናት ላይ ቆማ ትታያለች ይላሉ። በ1980 ሃንስ ሆልዘር የሚባል በመንፈስ ፍለጋ ስሙ የታወቀ ሰው ቴፕ ሪከርደር ይዞ መጥቶ ድምፅ ቀዳሁ አለ። ከዚያ በኋላ ቤቱ "በአሜሪካ መንፈስ የበዛበት መብራት ቤት" የሚል ስም ወጣለት። ስም አንዴ ከወጣ ያው ነው፣ ቴሌቪዥኑም ተከተለ።

እኔን ግን የያዘኝ ይህ አይደለም። የያዘኝ ልጄ በመሀል፣ እንደ ተራ ነገር ጥሎት ያለፈው ነው። "እዚያ ፕሪዝን ነበር" አለ። "አራት ሺህ ሰው ሞቷል።"

እኛ ፎጣ ያነጠፍንበት ቦታ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1862 የሰሜኑ መንግሥት እዚያ ጫፍ ላይ ለቁስለኞች ትልቅ ሆስፒታል ሠራ። በ1863፣ ከጌቲስበርግ ውጊያ ቀጥሎ ምርኮኛው ሲበዛ፣ አጠገቡ የእስር ካምፕ ከፈቱ። በሦስት በኩል ውሃ ነው፣ ማን ያመልጣል? ዙሪያውን በረጅም የሳንቃ አጥር አጠሩት። ቤት አልተሠራም። እስረኛው በድንኳን ነው የሚኖረው፣ በጋም ክረምትም። ካምፑ የታሰበው ለ10,000 ሰው ነበር፤ አንዳንዴ እስከ 20,000 ገብቶበታል። የጉድጓዱ ውሃ የተበላሸ ነው፣ ማገዶ አይበቃም፣ ቤዩ ላይ የሚነሣው የጥር ንፋስ ደግሞ ድንኳን አይመክተውም። እስከ 1865 ድረስ ከ50,000 በላይ የደቡብ ምርኮኞች አለፉበት። ወደ 4,000 የሚጠጉት በተቅማጥ፣ በፈንጣጣ፣ በብርድ እዚያው ቀሩ።

ጠባቂዎቹ ደግሞ፣ ይህን ልጄ ሲነግረኝ ሹካዬን አስቀመጥኩ፣ ከ1864 ጀምሮ ብዙዎቹ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። ከመካከላቸው ብዙዎች ጥቂት ቀደም ብሎ ባሪያ የነበሩ ናቸው። የቀድሞ ጌታቸውን እስረኛ ሆኖ ያገኙ እንደነበሩ ተጽፏል። ከባርነት ያመለጡ ቤተሰቦችም ወደዚያ ጫፍ እየሸሹ መጥተው ይጠለሉ ነበር። እንግዲህ ይህ ሁሉ እዚያ አንድ መብራት ሥር ነው፤ እስረኛው፣ ጠባቂው፣ አምላጩ። ፓሚሊያ ደግሞ በየምሽቱ ወጥታ ታበራለች።

ስለዚህ እንደገና ሄድን። በዚህኛው ጊዜ ጥቅምት ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለስድስት ወር የመጣችው እናቴም አብራን ነበረች።

ለእናቴ ማስረዳቱ ራሱ ሥራ ነበር። "ላይትሃውስ ማለት መብራት ቤት ነው፣ ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ" አልኳት።

"መብራት ኃይል ልትወስጂኝ ነው? እሱንማ እዚያው አገሬ ተሰልፌ ጠግቤዋለሁ" አለች።

"አይ እማዬ፣ ድሮ ነው፣ አሁን አይሠራም።"

"እሱም እንደኛው ነዋ።"

ልጄ ደግሞ አላስችል ብሎት "እማማ፣ ጎስት አለ" አላት። ጎስት ምን እንደሆነ ስትጠይቅ ባለቤቴ "የሙት መንፈስ ይላሉ እማማ፣ አይስሟቸው፣ ወሬ ነው" አላት። እናቴ ምንም አላለችም። ጠዋት ስንወጣ ግን ቦርሳዋ ውስጥ የጠበል ላስቲኳን ስትከት አየኋት።

ከዚህ ወዲያ ያለውን እንዳደረግነው አድርጉት። በሀበሻ ሰዓት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሡ፤ የዲሲን ዙሪያ ትራፊክ ታመልጣላችሁ። ሌክሲንግተን ፓርክ የምትባለው ከተማ ስትደርሱ ነዳጅ ሙሉ፣ ሽንት ቤት ግቡ፣ የጎደለ ነገር ካለ ግዙ። ከዚያ ወዲያ ሱቁ እየሳሳ ይሄዳል። እዚያው ሌክሲንግተን ፓርክ፣ ላንካስተር ፓርክ ውስጥ፣ በ2012 የቆመ የአንድ ጥቁር ወታደር ሐውልት አለ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ለተዋጉት ጥቁር ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ከዚያው አውራጃ የወጡ ዊሊያም ባርንስና ጄምስ ሃሪስ የሚባሉ ሁለት ጥቁር ወታደሮች የአገሪቱን ትልቁን የጀግንነት ሜዳይ አግኝተዋል። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ግን ይህን ሳታዩ ወደ ታች አትውረዱ። ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

ፓርኩ ትንሽ ሲቀራችሁ ከመንገዱ ዳር መካነ መቃብር አለ። በመጀመሪያው ጉዞ በስልሳ ማይል ፍጥነት ነው ያለፍነው። መጀመሪያ የሚቆመው እዚህ ነው። እስረኞቹ የተቀበሩት ካምፑ አጠገብ ነበር፤ በኋላ ወደዚህ አዛውረው አንድ ላይ ቀበሯቸው። የግለሰብ መቃብር የለም። ያለው ሣር ነው፣ መሀሉ ላይ 80 ጫማ ገደማ የሚሆን የግራናይት ሐውልት፣ እግሩ ሥር በነሐስ ሰሌዳ ላይ ስም፣ ስም፣ ስም። ከ3,300 በላይ ስም። ሐውልቱን ያቆመው ያሸነፈው ወገን ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥት፣ በ1911 አካባቢ።

አጠገቡ ደግሞ የግል ቦታ አለ። የደቡቡን ባንዲራ፣ ያንን የምታውቁትን፣ የሚያውለበልቡበት። ጥቁር ልጆች ይዛችሁ ስትሄዱ ድንገት ዓይናችሁ ላይ ድቅን ይላል። ማንም ምንም አላለንም፣ ሰውም አልነበረም። ግን ልጄ መኪና ውስጥ ሆኖ "ለምን እዚህ መጣን?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የዚያን ጠዋት ያየነውን ወታደር አስታወስኩት፤ "እሱ የጠበቃቸውን ሰዎች ልናይ ነው" አልኩት። ትንሽ አሰበና በሩን ከፈተ።

እናቴ ከሁላችን ቀድማ ሰሌዳው ጋ ደረሰች። የፈረንጅ ፊደል አታነብም። በጣቷ ፊደሉን እየነካች፣ ዓይነ ስውር እንደሚዳስስ፣ አንዱን መስመር እስከ ጫፍ ሄደችበት።

"ምንድን ነው የተጻፈው?"

"ስማቸው ነው እማዬ። የሞቱት ወታደሮች።"

"የሁሉም?"

"የታወቁት በሙሉ።"

"የማን ወታደር ናቸው?"

እዚህ ላይ ባለቤቴ ገባበት። ባርነት እንዳይቀር የተዋጉት ወገን እንደሆኑ፣ እንደተሸነፉ፣ ሐውልቱን ያሠራው ያሸነፋቸው መንግሥት እንደሆነ ነገራት። እናቴ ጣቷን ከሰሌዳው አላነሣችም።

"ጠላቶቻቸው ናቸው የጻፉላቸው?"

"አዎ እማማ።"

አጎቴን እኔ አላየሁትም። በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴን ዘምቶ አልተመለሰም። ይህ እንግዲህ በእኛ አቆጣጠር ነው። ሞተ ብሎ የመጣ ሰው የለም፤ ተማረከ ያለም የለም። አያቴ እስክትሞት ድረስ በር ሲንኳኳ ቀድማ ትነሣ ነበር አሉ። እናቴ ስለ እሱ ብዙ አታወራም። ያን ቀንም አላወራችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አማተበችና "አንዱን ስም አንብብልኝ" አለችው ልጄን። አነበበላት። "ሌላ" አለችው። አነበበ። እንዲህ እያለ አንድ ሙሉ ረድፍ ጨረሱ፤ ስም፣ የመጣበት ግዛት፣ ስም፣ የመጣበት ግዛት። የዘጠኝ ዓመቷም ተራ ይገባኛል አለች። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየን። ለዚህ ቦታ አምስት ደቂቃ ነበር የመደብኩት።

ከዚያ በኋላ ፓርኩ ሌላ ቦታ ሆነ። ያው ውሃ ነው፣ ያው ጥድ ነው። ጥቅምት ላይ ትንኙ የለም ማለት ይቻላል፣ ጄሊፊሹም ሄዷል። ንፋሱ ግን ይቀዘቅዛል፤ ጃኬት ያዙ። ከወንዙ በኩል ፎርት ሊንከን የሚባል የአፈር ምሽግ አለ፤ እስረኞቹ የሠሩት ነው። ልጆች ሮጠው የሚወጡበት ነገር ይወዳሉ፣ ይህን ወደዱት። የካምፑን መሬት ብዙውን ቤዩ በልቶታል። ውሃው በየዓመቱ ዳርቻውን ይገምሰዋል፣ ስለዚህ ድንኳኖቹ ከቆሙበት መሬት አሁን ብዙው ውሃ ውስጥ ነው። ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ረጅሙ የእንጨት ድልድይ ላይ ወንበራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። አንድ ሽማግሌ ሸርጣን ይዞ ለልጆቹ አሳያቸው። እናቴ "ይሄን ይበሉታል?" ብላ ፊቷን አዞረች።

ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ፍርፍር በሳህን፣ ዳቦ፣ ቡና በፔርሙዝ ይዘን ነበር። የሽርሽር ጠረጴዛ አለ፤ ንፋስ ስላለ ግን ሶፍቱን ድንጋይ ጫኑበት። የእኛ አንዱ ጥቅል ወደ ቨርጂኒያ ሄዷል።

መብራት ቤቱ በዚህም ጊዜ ዝግ ነበር። ይህን አስቀድማችሁ ልጆቻችሁን ንገሯቸው። ውስጡን ማየት የሚቻለው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው፤ ከመነሣታችሁ በፊት ፓርኩ ጋ ደውላችሁ ጠይቁ። መንፈሱን በሌሊት እናድናለን ብላችሁ ከሆነም ነገሩ እንዳሰባችሁት አይደለም። ለቀን ጎብኚ ጀምበር ስትጠልቅ መውጣት ነው። ማደር ከፈለጋችሁ የድንኳን ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ።

ከውጭ ማየቱ ለእኛ በቂ ነበር። አሁን ቤቱን ስናየው "ይኸው ነው?" ያለ ሰው የለም። ልጄ ለእህቱ "ያቺ ላይኛዋ መስኮት፣ አን" እያለ ያሳያታል። መኖሪያ ቤት መሆኑ ራሱ ነው የሚከብደው። ማማ ቢሆን ሥራ ቦታ ነው። ይህ ግን ወጥ የተሠራበት፣ ሰው የታመመበት ቤት ነው። የአን አባት እዚህ ነው የሞተው። እሷም በነጋታው ምሽት ዘይቱን ይዛ ደረጃውን ሳትወጣ አትቀርም፤ መርከብ ለቅሶ ላይ ናት ብሎ አይጠብቅማ።

ልጄ ስልኩን አውጥቶ አጥሩ ጋ ተጠጋ። የመንፈስ ድምፅ ሊቀዳ ነው። "ማንም እንዳይናገር" ብሎ አዘዘን። አምስት ደቂቃ። እኔና ባለቤቴ እጃችንን ኪሳችን ከትተን ቆምን። ትንሿ ትንፋሿን ይዛ ፊቷ ቀላ። ንፋሱ ነበር፣ ውሃው ነበር፣ አንድ የሆነ ብረት ከአንድ የሆነ ብረት ጋር ይጋጫል።

መኪና ውስጥ ገብተን ማሞቂያውን ከፍተን ቅጂውን ሰማነው። መጀመሪያ ንፋስ። ከዚያ ኪው፣ ኪው የሚለው ብረት። ከዚያ፣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ የሰው ድምፅ። ዝቅ ያለ፣ የሚያጉረመርም፣ የማይሰማ ቋንቋ። የሴት ድምፅ ነው። ልጄ ዓይኑ ፈጠጠ። ባለቤቴ፣ ያ "ወሬ ነው" ያለው ሰውዬ፣ የመኪናውን በር ቆለፈው። እኔም ክንዴ ላይ ፀጉሬ ቆመ፣ አልዋሽም።

ልጄ መልሶ አጫወተው፤ ድምፁን ከፍ አደረገ። "…ይትቀደስ ስምከ፣ ትምጻእ መንግሥትከ…"

ሁላችንም ዞረን ኋላ ወንበር ላይ ያለችውን እናቴን አየናት።

"ምን ታዩኛላችሁ?" አለች። "እኔ ነኝ እኮ። ዝም በሉ አላችሁ፣ ዝም ብዬ ምን ላድርግ?"

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ባለቤቴ እንባው ወርዶ መንዳት አቃተው። ልጄ ቅጂውን እስካሁን አላጠፋውም፤ ጓደኞቹን ያስፈራራበታል፣ ምን እንደሚል አይነግራቸውም።

ስንመለስ መሸ። መካነ መቃብሩን ስናልፍ ባለቤቴ ሳንጠይቀው ቀስ አለ። ልጆቹ ተኝተዋል። እናቴ በመስኮት ውጭውን እያየች ቆየችና "ያቺ መብራት የምታበራዋ ልጅ ማን ነበር ያላችሁት ስሟ?" አለችኝ።

"አን።"

"አን ብሎ ስም አለ? የክርስትና ስሟን አታውቁም?"

"አን ማለት በኛ ሐና ማለት ነው እማዬ።"

"እንዲህ በይኛ" አለች። መቁጠሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። "ወለተ ሐና ብዬ እይዛታለሁ።"